ባይኖር ኖሮስ? ፖሊሲን መገምገም ለምን እንዲህ ያስቸግራል

በ1955 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ የኮኔቲከት ግዛት 324 ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ። ቁጥሩ ያልተለመደ ነበርና አገር ተንጫጫ። አገረ ገዥው አብርሃም ሪቢኮፍ ለፈረንጆች ገና ሁለት ቀን ሲቀር አዲስ እርምጃ አወጁ። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ የተያዘ ሁሉ መንጃ ፈቃዱ ለ30 ቀን ይታገዳል፤ ከደገመ 60 ቀን፤ ከሠለሰ ላልተወሰነ ጊዜ። ይቅርታ የለም፣ አማላጅ የለም። በ1956 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 284 ወረደ። አገረ ገዥውም የ40 ሰው ሕይወት ተርፏል፣ የ12.3 በመቶ ቅናሽ ነው፣ እርምጃው እንደሚያዋጣ አያጠራጥርም አሉ።

እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲነበብ አዳራሹ ያጨበጭባል። ችግር ነበረ፤ መንግሥት እርምጃ ወሰደ፤ ችግሩ ቀነሰ። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዶናልድ ካምቤልና ሎውረንስ ሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደገና አነሱት። ያደረጉት ነገር ሲታይ ቀላል ነው። 1955ንና 1956ን ብቻ ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ይልቅ ከዚያ በፊትና በኋላ የነበሩትን ዓመታት በአንድ መስመር ዘረጓቸው። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ዓመት ይወጣል፣ አንድ ዓመት ይወርዳል። 1955 ደግሞ ከጥርሶቹ ረጅሙ ነበር። ከረጅሙ ጥርስ ቀጥሎ ያለው አጠር ማለቱ ምን ይገርማል? ለነገሩ እርምጃው የታወጀውም ያ ዓመት ስለከፋ ነው። ትኩሳቱ ጣሪያ በነካበት ሌሊት መድኃኒት የዋጠ ሰው ጠዋት ሲቀለው መድኃኒቱን ያመሰግናል፤ ትኩሳቱ ግን በራሱ ጊዜ ሊበርድ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ሰዎች የጎረቤት ግዛቶችንም ቁጥር አመጡ፤ ፍርድ ቤት ድረስም ሄደው መዝገብ አገላበጡ። የሚገርመው እዚያ የተገኘው ነው። የታገዱ መንጃ ፈቃዶች ከመቶዎች ወደ ሺዎች ዘለዋል። ቅጣቱ እየከበደ ሲሄድ ግን በፍጥነት ተከሰው «ጥፋተኛ አይደለህም» የሚባሉት ሰዎች በዙ፤ ፈቃዳቸው ታግዶም መሪ የሚጨብጡት እንደዚሁ። ማንም ዳኛ ሠርቶ አዳሪን ለአንድ ወር ከመኪናው ማውረድ ቀሎት አልተገኘም። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲጠብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየላላ ነበር ማለት ነው። ካምቤልና ሮስ እርምጃው ከሸፈ አላሉም። ያሉት 40ዎቹን ነፍሶች በሙሉ በእርምጃው ስም መመዝገብ አይቻልም ነው።

የፖሊሲ ግምገማ ሙያ ከዚህ ይጀምራል። ጥያቄው «ከፖሊሲው በኋላ ምን ተለወጠ?» አይደለም። እሱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ቁጥር ማየት ብቻ ይበቃል። ጥያቄው «ባይኖር ኖሮስ?» ነው። ያልሆነውን ዓለም ግን ማንም አላየውም፤ ፎቶግራፍም መዝገብም የለውም። ገምጋሚ ማለት ያንን ያልታየ ዓለም በተቻለው መጠን በታማኝነት ለመገመት የሚደክም ሰው ነው። ሌላው ሁሉ፣ ሠንጠረዡም መጠይቁም የስታቲስቲክስ ቀመሩም፣ የዚያ ድካም መሣሪያ ነው።

የብዙ መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ ሪፖርት ግን ወደዚህ ጥያቄ ዝር አይልም። ይህን ያህል ሥልጠና ተሰጠ፤ ይህን ያህል ወጣት ተመዘገበ፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተሠራ፤ ከዕቅዱ 96 በመቶ ተፈጸመ። ይህ የተሠራ ሥራ ዝርዝር ነው። አያስፈልግም አልልም፤ ያለ ክትትል ገንዘቡ የት እንደገባ አይታወቅም። ነገር ግን የሠለጠነው ወጣት ሥራ አገኘ ወይ፣ ያገኘውስ ሥልጠናው ባይኖር ኖሮ አያገኘውም ነበር ወይ የሚለው በ96 በመቶው ውስጥ የለም። ክትትልና ግምገማ የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ ላይ መጠራት ከለመዱ ወዲህ ሁለተኛው በመጀመሪያው ጥላ ሥር ተደብቆ ቀርቷል።

ተጠቃሚው ምስክር ሲሆን

«ታዲያ ተጠቃሚዎቹን ለምን አንጠይቅም?» ይባላል። መጠየቁ ደግ ነው። ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ግን ማሳቹሴትስ ውስጥ የተደረገ አንድ ነገር አለ፤ እኔ በበኩሌ ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሪቻርድ ካቦት የሚባሉ ሐኪም በ1930ዎቹ አንድ በጎ ሐሳብ ነበራቸው። ወደ ወንጀል ሊያዘነብሉ የሚችሉ ሕፃናት ቢጤ የሚሆናቸው፣ የሚመክራቸው፣ የሚያስጠናቸው ሰው ቢያገኙ መስመር ይይዛሉ ብለው አሰቡ። በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች 506 ወንድ ልጆች ተመረጡ። በዕድሜ፣ በቤተሰብ ሁኔታና በጠባይ የሚመሳሰሉት ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩና ሳንቲም እየተወረወረ አንዱ ወደ ፕሮግራሙ ገባ፤ አንዱ እንደነበረው ቀረ። ከ1939 እስከ 1945 የገቡት ልጆች መካሪ ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸው ነበር፤ በትምህርት ይታገዙ፣ ይታከሙ፣ ክረምት ላይ ካምፕ ይሄዱ ነበር። ገንዘብ ያልተነፈገው፣ ልብ ያለበት ሥራ ነበር።

ከ30 ዓመት በኋላ ጆን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ (ስሟ የወንድ ቢመስልም ሴት ናት) እነዚያን ልጆች፣ አሁን ጎልማሶች፣ ተከታትላ አገኘቻቸው። ከታገዙት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፕሮግራሙ ጠቅሞኛል አሉ። እንዲያውም አንዳንዶቹ እነዚያ መካሪዎች ባይኖሩ ኖሮ እስር ቤት እበሰብስ ነበር አሉ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ፕሮግራሙ በየአገሩ ይስፋፋ ነበር።

ማኮርድ ግን መዝገቡን ገለጠች። የፍርድ ቤቱን፣ የሆስፒታሉን፣ የሞቱንም። የታገዙት ካልታገዙት መንትዮቻቸው የተሻሉበት ነገር አልተገኘም። በአንዳንዱማ ብሰው ተገኙ፤ ዳግመኛ ወንጀል የመሥራት፣ በመጠጥ የመያዝ፣ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የመጠቃት፣ በለጋ ዕድሜም የመሞት ነገር እነሱ ላይ ከፋ። ለምን? ማኮርድ የተለያዩ መላ ምቶች አቀረበች፤ ከነዚህ አንዱ መካሪዎቹ ልጆቹን ጥገኛ አድርገዋቸው ወይም ከፍ ያለ ተስፋ አስይዘዋቸው ይሆናል የሚል ነው። ለእኔ ከምክንያቱ ይልቅ ምስክርነቱ ይበልጥብኛል። ያ «እስር ቤት እበሰብስ ነበር» ያለ ሰው አልዋሸም። እሱም እንደ አገረ ገዥው ያልሆነውን ሕይወቱን ገመተ እንጂ አላየውም። መንትዮቹ በዕጣ የተለዩ ባይሆኑ ኖሮ ማኮርድም የምታየው ነገር አይኖራትም ነበር።

ምስጋናና ውጤት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በ1983 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረው ዴር የተሰኘ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ትምህርትም ያሳያል። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ያስተምራል። ወላጅ ወደደው፣ ፖሊስ ወደደው፣ ርዕሰ መምህሩ ወደደው፤ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። ግምገማዎቹ ተራ በተራ ሲወጡ የተማሩትና ያልተማሩት ልጆች ዕፅ በመጠቀም ረገድ ያን ያህል ልዩነት የላቸውም አሉ። ፕሮግራሙ ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያው መልኩ ቀጠለ። ሁሉም የሚወደውን ነገር «አይሠራም» ብሎ ፊት ለፊት የሚቆም ማን አለ?

ዕጣ ሲጣል፣ ዕጣ ሲጠፋ

በዕጣ መለየት ሲባል ብዙ ሰው ይከፋዋል። ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ ግፍ አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከሰጡት አንዷ ሜክሲኮ ናት። በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩና ጤና ጣቢያ ለሚያሳዩ ድሃ እናቶች ገንዘብ ይሰጣል። በጀቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃም። አንዱ መቅደሙ፣ አንዱ መከተሉ የማይቀር ከሆነ ቅደም ተከተሉን ዘመድና ፓርቲ ከሚወስነው ዕጣ ቢወስነው ይሻላል ተባለ። 506 መንደሮች ተመረጡ (በአጋጣሚ ቁጥሩ ከማሳቹሴትሶቹ ልጆች ጋር አንድ ነው)፤ 320ዎቹ ቀደሙ፣ 186ቱ ከሁለት ዓመት ላልራቀ ጊዜ ጠብቀው ገቡ። በዚያ መሐል ያለው ልዩነት ተለካ። ልጆች ትምህርት ላይ የመቆየታቸው ነገር ተሻሻለ፤ በተለይም ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ በሚሻገሩበት ዕድሜ ላይ ለነበሩ ሴቶች ልጆች።

የፕሮግራሙ ዋና ቀያሽ ሳንቲያጎ ሌቪ በገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበሩ ኢኮኖሚስት ናቸው። ግምገማውን ያስገቡት ለእውቀት ፍቅር ብቻ አልነበረም። አዲስ መንግሥት ሲመጣ የቀድሞውን ፕሮግራም ነቅሎ መጣል በሜክሲኮ የተለመደ ነበር። በ2000 ለ71 ዓመት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። አዲሱ መንግሥት ፕሮግራሙን አልነቀለውም፤ ስሙን ቀይሮ አሰፋው። በ2014 እንደገና ስም ተቀየረ። በ2019 ግን በሌላ መንግሥት ዘመን ተዘጋ። መረጃ ፕሮግራምን ከአንድ የሥልጣን ሽግግር ያሻግረዋል፤ ዘላለማዊ ግን አያደርገውም።

ሁልጊዜ ዕጣ መጣል አይቻልም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወጣው ለግማሽ ከተማ አይደለም። ያኔ ገምጋሚው ድንበር ይፈልጋል። በኤፕሪል 1992 የኒው ጀርሲ ግዛት የሰዓት ደመወዝ ወለሉን ከ4.25 ዶላር ወደ 5.05 ሲያደርስ፣ ድንበር የምትጋራው ፔንሲልቬንያ ባለችበት ቆየች። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱም ወገን ወደሚገኙ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶች ከለውጡ በፊትና በኋላ ደውለው ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው ጠየቁ። ደመወዝ ሲጨምር ሠራተኛ ይባረራል የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ትንቢት በኒው ጀርሲ አልታየም። ሌሎች ኢኮኖሚስቶች በሌላ መረጃ ተነሥተው ተከራከሯቸው፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ካርድ ግን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ፤ የተሸለመውም በመልሱ ሳይሆን በአጠያየቁ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ግዑዝ አይደለም

ፖሊሲ አውጪው ቢሮ ውስጥ ሆኖ ሲነድፍ ሰዎች ባሉበት የሚቆዩ ይመስለዋል። በ1902 ሃኖይ ላይ የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ወረርሽኝ ፈርተው የአይጥ ጅራት ለሚያመጣ ገንዘብ እንከፍላለን አሉ። ጅራት በየቀኑ በሺዎች መጣ። ብዙም ሳይቆይ ጅራት የሌላቸው አይጦች በየመንገዱ ሲሮጡ ታዩ፤ ጅራቷ የተቆረጠች አይጥ ተመልሳ ትወልዳለችና። የሪፖርቱ አምድ ደግሞ ጅራት እንጂ አይጥ አይቆጥርም። በሜክሲኮ ሲቲም ከ1989 ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና እንደ ሰሌዳው የመጨረሻ ቁጥር በሳምንት አንድ ቀን እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ሉካስ ዴቪስ የተባለ ኢኮኖሚስት በኋላ የአየሩን መረጃ ሲመረምር መሻሻል አላገኘም፤ ይልቁንስ አቅም ያለው ሁሉ የተለየ ሰሌዳ ያለው ሁለተኛ መኪና፣ ብዙ ጊዜም አሮጌ፣ ገዝቶ ነበር።

ከዚህ የባሰው የሌላውን አገር ስኬት እንዳለ ማምጣት ነው። በ1980 በህንድ ታሚል ናዱ የተጀመረ የሕፃናት አመጋገብ ፕሮግራም እናቶችን እያስተማረና ለተጎዱ ልጆች ተጨማሪ ምግብ እየሰጠ ጥሩ ውጤት አሳየ። ይኸው በ1990ዎቹ ወደ ባንግላዴሽ ተወሰደ። የዓለም ባንክ ገለልተኛ ገምጋሚዎች በኋላ ሲያጠኑት የታሰበው ውጤት አልመጣም። እናቶቹ ትምህርቱን ሰምተዋል። ነገር ግን በብዙዎቹ መንደሮች ገበያ የሚወጣው ባል ነው፤ አማት በአንድ ጣራ ሥር ባለችበት ቤት ደግሞ ለማን ምን ይቀርባል የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ተጨማሪ ተብሎ የተሰጠው ምግብም አንዳንድ ቤት ውስጥ የተለመደውን ምግብ ተካ እንጂ አልጨመረም። ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ትምህርት ለትክክለኛዋ ሴት ሰጠ፤ ቁልፉ ግን በሌላ ሴት ወገብ ላይ ነበር።

ካሊፎርኒያ ደግሞ የቴነሲን ትምህርት ኮረጀች። ቴነሲ ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ተማሪዎችን በዕጣ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ስታስገባ ትንንሾቹ ክፍሎች የተሻለ ውጤት አሳዩ። ካሊፎርኒያ በ1996 በመላው ግዛት፣ በአንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ከ30 ወደ 20 ተማሪ ገደማ ቀነሰች። ክፍል ሲበዛ መምህር ይፈለጋል፤ መምህሩ ደግሞ በአንድ ክረምት አይበቅልም። ሙሉ ብቃት የሌላቸው መምህራን በጅምላ ተቀጠሩ፤ ልምድ ያላቸውም ከድሃ ሠፈር ትምህርት ቤቶች ወደ ሻሉት ፈለሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ፖሊሲው ለመገምገም እንኳ አይደርስም። በ1966 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኦክላንድ ከተማ 23 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ለሥራ አጦች 3,000 ያህል የሥራ ዕድል እፈጥራለሁ አለ። ገንዘቡ ነበረ፤ ስምምነቱም ነበረ፤ የተቃወመ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ወጪ የሆነው 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጄፍሪ ፕሬስማንና አሮን ዊልዳቭስኪ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመድረስ ስንት ጊዜ የአንድ አካል «እሺ» እንደሚያስፈልገው ቆጠሩ። 70 ሆነ። እስቲ እኛም እናስላው። እያንዳንዱ ቢሮ እሺ የማለቱ ዕድል 95 በመቶ ቢሆን 70ውም የማለፉ ዕድል ከ3 በመቶ በታች ነው። 99 በመቶ ቢሆን እንኳ ከግማሽ አያልፍም። ሁሉም የሚደግፈው ፖሊሲ ማንም ሳይቃወመው የሚሞተው እንዲህ ነው። ዋነኛው በሽታ ፊርማው ሆኖ ሳለ ገምጋሚው ስለ ሐሳቡ ጥሩነት ሲያመራምር ይውላል።

መቼ ነው የሚጠየቀው?

እስካሁን ካነሣኋቸው ግምገማዎች ውስጥ የሚያረኩት አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሳንቲሙ የተወረወረው፣ መንደሮቹ የተመረጡት፣ ስልኩ የተደወለው ፖሊሲው ከመጀመሩ በፊት ነው። በተግባር የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፕሮግራሙ ይነደፋል፣ ይመረቃል፣ በጀቱ ያልቃል፤ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው አማካሪ ተቀጥሮ «ያመጣነውን ለውጥ ለካልን» ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መነሻው ሳይለካ መድረሻውን ብቻ ለክቶ ርቀቱን መናገር የሚችል አማካሪ የለም፤ ሪፖርቱን ግን ይጽፋል፣ ክፍያውንም ይቀበላል።

ይህ ዛሬ ከመቼውም የከፋበት ምክንያት አለ። ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ ገንዘብ ከ90 በሚበልጡ አገሮች ሲካሄድ የቆየው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በፌብሩዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቆረጥ አብሮ ተቆረጠ። የሕፃናት ሞት፣ ክትባት፣ የእናቶች ጤና፣ ብዙ ድሃ አገሮች እነዚህን የሚያውቁት በዚያ ጥናት ነበር። ሌሎች ለጋሾች ከፊሉን ለማትረፍ ገንዘብ አቅርበዋል። ያም ሆኖ ሳይለካ ያለፈ ዓመት ተመልሶ አይለካም፤ ዛሬ የሚጀመር የጤና ፖሊሲ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቅ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

ግምገማ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። አማካይ ቁጥር ተሻሻለ ማለት ሁሉም ተሻለው ማለት አይደለም። ማን ተጠቅሞ ማን ይክፈል የሚለው የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ ለባለሙያ ተሰጥቶ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ባለሙያው ማድረግ የሚችለው ክርክሩ በስሜትና በወሬ ብቻ እንዳይሆን መሬት ማበጀት ነው።

ስቶክሆልም ያደረገችው ለዚህ ነው የሚማርከኝ። ወደ መሐል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ ክፍያ ለመጣል ሲታሰብ አብዛኛው ነዋሪ ተቃወመ። ከተማዋ አልተሟገተችም፤ ለሙከራ አስገባችው። ከጃንዋሪ 3 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2006 ክፍያው ሠራ፤ የክፍያ መስመሩን የሚያቋርጠው ትራፊክ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ከዚያ በተባለው ቀን ጠፋ። መኪናው አብዛኛው ተመልሶ መጣ። ነዋሪው «ባይኖር ኖሮስ?» የሚለውን ከማንም ሪፖርት ማንበብ አላስፈለገውም፤ መስኮቱን ከፍቶ አየው። በሴፕቴምበር ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በከተማዋ የደገፉት በጥቂት በለጡ። በኦገስት 1 ቀን 2007 ክፍያው ተመልሶ ገባ።